«ምን ሆንክ?» ስለው ይብስበታል

ጥያቄ፦ «ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ወንድ ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። አፉን የፈታው በጊዜው ነው፤ ‹ባቡር ሄደ›፣ ‹ውሃ ስጪኝ›፣ ‹አባ መጣ› ይላል። ሲናደድ ግን አንድም ቃል አይወጣውም። ይነክሳል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ አንዳንዴም ጭንቅላቱን ከወለሉ ጋር ያጋጫል። የሚውልበት ዴይ ኬር በዚህ ወር ብቻ ሁለት ልጅ ነከሰ ብለው ጠርተውኛል። ‹ምን ሆንክ? ንገረኝ› ስለው ጭራሽ ይብስበታል። አማቴ ከእኛ ጋር ናቸው፤ ‹ወንድ ልጅ እንዲህ አያለቅስም፣ አሞላቃችሁት ነው› ይላሉ። ቤት የምታግዘን ልጅ ደግሞ በኦሮምኛ ነው የምታወራው፤ ቋንቋ ተደበላልቆበት ይሆን? ስሜቱን በቃል እንዲናገር ከየት ልጀምር? የሚስቅ፣ የሚያለቅስ ፊት የተሣለበት የስሜት ካርድ የሚባል አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ልግዛለት?»
የአንድ ልጅ እናት፣ ከልደታ

መልስ፦ እህታችን፣ ቀላል ቀላሉን አስቀድመን እንመልስና ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ካርዱን አትግዢ። የቋንቋውም ነገር አያስጨንቅሽ፤ ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ በዚያ ምክንያት አፉ አይታሰርም። ቃላቱን መቁጠር ካማረሽ የአማርኛውንና የኦሮምኛውን ደምሪ። የምታግዛችሁ ልጅ እሱን ለማባበል የሚቀናት በራሷ ቋንቋ ከሆነ በዚያው ታባብለው፤ አማርኛ እየፈለገች ከምትቸገር ይሻላል። አንቺ ግን ሲከፋ፣ ሲፈራና ሲናደድ በኦሮምኛ ምን እንደሚባል ጠይቀሻት ያዢ። ልጁ አንድ ቀን በዚያ ቋንቋ ሲነግርሽ እንዳያመልጥሽ።

ልጅሽ ሁለት ቃል ያገጣጥማል፤ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ታዲያ «ባቡር ሄደ» የሚል ልጅ «ተናደድኩ» ማለት ለምን አቃተው? ባቡር ይታያል፣ በጣት ይጠቆማል። ባለፈ ቁጥር «ባቡር!» የሚልለት ሰው አጠገቡ አለ። ንዴቱን ግን ማንም ጠቁሞ ስሙን አልነገረውም። ሲናደድ የሚሰማው «ተው!»፣ «ነውር ነው!» እና «ምን ሆንክ?» ነው። ከሦስቱ አንዱም ውስጡ ያለውን ነገር ስም አይነግረውም።

በተለይ «ምን ሆንክ?» የሚለው ለአንድ ሕፃን ከባድ ፈተና ነው። ለመመለስ የተሰማውን መለየት፣ ምክንያቱን ማወቅ፣ ቃሉን ማስታወስና ከአፉ ማውጣት አለበት፤ ያውም እየጮኸ። እኛ አዋቂዎቹ እንኳ ተናደን ስንጠየቅ «ምንም አልሆንኩም» ነው የምንለው። ምርጫ መስጠትም ብዙ አይረዳም። «ተናደድክ ወይስ ፈራህ?» ብትዪው የዚህ ዕድሜ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ የሰማውን ቃል ይደግምልሻል። አንቺም «ለካ ፈርቶ ነው» ብለሽ ትሄጃለሽ።

ስለዚህ መጠየቁን ለጊዜው ተዪውና ንገሪው። «ተናደድክ። መኪናህን ወሰደብህ።» ይኸው ነው፤ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር። የመጀመሪያው ስሜቱን፣ ሁለተኛው ምክንያቱን ይናገራል። ምክንያቱን አትዝለዪው። «ተናደድክ» ብቻ ከሆነ ልጁ ቃሉን ከጩኸቱ ጋር ብቻ ሊያያይዘው ይችላል፤ «መኪናህን ወሰደብህ» ሲጨመርበት ግን ቃሉ ከሆነው ነገር ጋር ይያያዛል። ግምትሽ ቢሳሳት ችግር የለውም። ትክክል ስትሆኚ ብዙ ጊዜ ዞር ብሎ ያይሻል ወይም ድምፁ ዝቅ ይላል። ስትሳሳቺ ራሱን ይነቀንቃል ወይም «እምቢ» ይላል። ያኔ ሌላ ቃል ሞክሪ፤ ከሁለት በላይ ግን አትሂጂ።

እዚህ ላይ አማርኛችን አንድ ወጥመድ አለው። አንቺ «ከፋህ» ስትዪ ልጁ ደግሞ የሚመልሰው «ከፋህ» ነው፤ የከፋው ግን ራሱን ነው። ይህ የዕድሜው ነው፣ «እንዲህ አይባልም» ብለሽ አታርሚው። መፍትሔው በእሱ አፍ መናገር ነው። ጎንበስ በይና የእሱን ድምፅ ይዘሽ «እማ፣ ከፋኝ!» በይለት፤ ከዚያ በራስሽ ድምፅ «አዎ፣ ከፋህ የኔ ልጅ» ብለሽ መልሺ። «ከፋኝ በል» እያልሽ ግን አታስደግሚው፤ ማስደገም ከጀመርሽ ነገሩ ተመልሶ ፈተና ይሆናል።

የትኞቹን ቃላት? መጀመሪያ የሰውነቱን፦ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ። እነዚህን ሳያውቅ አይቀርም፤ ሁሉም በ«ኝ» የሚያልቁ ስለሆኑ «ከፋኝ» ሲመጣ ጆሮው ለምዶታል። ከዚያ አራት የስሜት ቃል ይበቃዋል፦ ደስ አለኝ፣ ከፋኝ፣ ፈራሁ፣ ተናደድኩ። የመጨረሻው ለምላሱ ረጅም ነው፤ «ናደድኩ» ቢል ወይም ግማሹን ቢውጠው ተቀበዪው። «አፈርኩ»፣ «ቀናሁ»፣ «ቅር አለኝ» ዓይነቶቹ ይቆዩ። እነሱን ለመረዳት ሌላው ሰው ስለ እኔ ምን ያስባል የሚል ሐሳብ ወይም ከሰው ጋር መወዳደር ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ከዚህ ዕድሜ በኋላ ነው የሚበስለው።

ግን አንድ ነገር እንንገርሽ። የሚነክስ ልጅ ከ«ተናደድኩ» ይልቅ በአስቸኳይ የሚያስፈልጉት ሌሎች ቃላት ናቸው፦ «የኔ ነው»፣ «በቃ»፣ «ተው»፣ «እኔስ?»፣ «እርጂኝ»፣ «እቀፊኝ»። የሕፃን ንክሻ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ የአንዱ ምትክ ነው። «ተናደድኩ» ምን እንደተሰማው ይናገራል፤ «የኔ ነው» ግን መኪናውን ያስመልስለታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተምሪው። ለአባቱ «እርጂኝ» ቢለው ወይም ለአንቺ «እርዳኝ» ቢልሽም ጾታውን ለማስተካከል አትቸኩዪ፤ እርዳታውን ስጪው።

አሁን ወደ ራሱ የንዴቱ ሰዓት እንምጣ፤ ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የዚህ ዕድሜ የንዴት ልቅሶ ብዙ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም፤ እናት ግን ሰዓት እንዳለፈ ነው የሚሰማት። ንዴቱ መጀመሪያ አካባቢ ጣራ ይነካል፦ ጩኸት፣ እርግጫ፣ መወርወር። ከዚያ ይወርድና የሚቀረው ሐዘን ነው፦ ልቅሶ፣ መነፋረቅ፣ ዓይኑ አንቺን መፈለግ። በመጀመሪያው ክፍል የምትናገሪው ቃል አይገባም። ያኔ አጠገቡ ተቀመጪ፣ ሊጎዳው የሚችለውን ነገር አንሺ፣ ዝም በይ። ጩኸቱ ወደ ልቅሶ ሲለወጥ ጠጋ በይና አሁን ተናገሪ፦ «ተናደድክ። ባቡሩ ሄደብህ።» ከዚያ በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ይህ ዝምታ ለአዋቂ ይረዝማል፤ ለልጅ ግን ቃሉን የሚይዝበት ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን በሦስተኛው ሰከንድ ላይ «እሺ በቃ፣ ና፣ ብስኩት ልስጥህ» ብለን እናቋርጠዋለን።

ስልክ መስጠትም እንደዚሁ ነው። ዝም ያሰኛል፣ ያ እውነት ነው፤ ግን ቃሉን የሚማርበትን ደቂቃ ይወስድበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሁለት ዓመት ልጅ ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ያቺን ሰዓት ለሰላሙ ጊዜ አድርጊያት።

ለንክሻው ለብቻው፦ አፉ ከመድረሱ በፊት ከደረስሽ አገጩን ሳይሆን ትከሻውን ይዘሽ አግጂው። ከነከሰ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ የተነከሰውን ልጅ አንሺ፤ ቁስሉን በውሃና በሳሙና እጠቢ። ከዚያ ለልጅሽ ዝቅ ባለ ድምፅ «መንከስ የለም፤ ያማል» በይ። ሦስት ቃል ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ረጅም ተግሣጽ፣ «እስኪ አንተን ብነክስህስ?» ማለት፣ ይባስም መልሶ መንከስ ልጁን ሌላ ነገር አያስተምረውም፤ ትልቅ ሰውም ይነክሳል ማለት ነው። ሲረጋጋ የሚተካውን ቃል ስጪው፦ «‹የኔ ነው› ይባላል።» ደግሞ አፉን እዪለት። የኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች የሚበቅሉት ከ2 ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ 3 ዓመት ግድም ነው፤ ድዱ ካበጠ የመንከስ ፍላጎቱ ይጨምራል። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ እንዲያኝክ ስጪው።

የረሃቡንና የድካሙን ነገር ቀላል አድርገሽ አትዪው። ለአንድ ሳምንት በደብተር ላይ ያዢ፦ ስንት ሰዓት ላይ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን ነበረ፣ ምን አደረገ፣ ማን ምን አለው። ሁሉም ንዴት ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢና ከማታው 12 ሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ካገኘሽው ግማሹ ሥራ የምሳና የእንቅልፍ ነው። ከዴይ ኬር ስትወስጂው ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ሰልፍ የምትይዙ ከሆነ ሙዝ ወይም ዳቦ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ቆሎና ኦቾሎኒ ግን አይሆንም፤ በዚህ ዕድሜ ያንቃል። ሙዙን ስትሰጪውም ዝም ብለሽ አትስጪ፤ «እማ፣ ራበኝ!» ብለሽ በእሱ አፍ ተናግረሽ ስጪው።

ቃሉ የሚተከለው ግን በአብዛኛው በሰላሙ ጊዜ ነው፤ የንዴቱ ሰዓት ለመጠቀም እንጂ ለመማር አይመችም። ልዩ ሰዓት አያስፈልግሽም። ማታ ልብሱን ስታወልቂለት ወይም እግሩን ስታጥቢ መስታወት ፊት ሁለት ደቂቃ በቂ ነው፦ «ደስ ሲለኝ እንዲህ ነኝ» ብለሽ ፈገግ በይ፤ «ሲከፋኝ እንዲህ» ብለሽ ከንፈርሽን ጣይ። እሱም ያደርገዋል፣ ይስቅበታልም። ከበረንዳችሁ ባቡሩ ከታየ ደግሞ ቀን በቀን ትምህርት አለላችሁ። ባቡሩ ሲመጣ «ደስ አለኝ!»፣ ሲያልፍ «ሄደ፤ ከፋኝ!»። ደስታና ሐዘን በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ማንም ሳይጎዳ። «ደስ አለኝ»ን አትርሺው። ብዙ ቤት ስሜት የሚጠራው ልጁ ሲያለቅስ ብቻ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ልጁ የስሜት ቃል ሁሉ የቁጣ ምልክት ይመስለዋል።

በካርዱ ፈንታ ስልክሽ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ተጠቀሚ። እሱ ሲስቅ፣ ሲያለቅስ፣ ሲፈራ፣ አባቱ ደክሞት ሶፋ ላይ ሲተኛ። አራቱን ፎቶ ቤት አሳትመሽ ፍሪጁ ላይ በእሱ ቁመት ለጥፊያቸው። የተሣለ ክብ ፊት ለሁለት ዓመት ልጅ ሥዕል ብቻ ነው፤ የራሱን ፊት ግን ያውቀዋል፣ ያ ቀን ምን እንደሆነም ትነግሪዋለሽ። ሲያለቅስ ፎቶ እናንሳ ብላችሁ ግን በልቅሶው መሃል ካሜራ እንዳትደቅኑበት፤ ያለውን ተጠቀሚ።

ቤት ውስጥ ከአፋችሁ የሚወጣውንም ስሙት። «አቃጠልከኝ»፣ «ጨረስከኝ»፣ «ደሜን አፈላኸው» የሚል ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ የሚማረው እነዚህኑ ነው፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ በሰው ፊት «እማ፣ አቃጠልሽኝ» ሲልሽ መሳቅሽ አይቀርም። «አናደድከኝ» ስትዪ ንዴቱ የእሱ ሥራ ይሆናል። «ተናደድኩ፤ ትንሽ ልቀመጥ» ስትዪ ግን ሰው ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ ያያል። ሲወድቅ መሬቱን ወይም ጠረጴዛውን በጥፊ እየመታችሁ «እንኪ! ልጄን መታሽው?» የምትሉም ከሆነ ተዉት። ለቀልድ ነው የምናደርገው፤ ልጁ የሚይዘው ግን ሲያም ይመታል የሚለውን ነው። «ጅብ ይመጣል»፣ «ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» የሚሉትም ለጊዜው ዝም ያሰኛሉ፤ ዋጋቸውን ግን ማታ በመኝታ ሰዓትና ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ትከፍይዋለሽ።

«አይዞህ»ን በተመለከተ ቦታው ብቻ ነው ችግሩ። «አይዞህ፣ ምንም የለም» ስትዪው የተሰማው ነገር የለም እያልሽው ነው። «ፈራህ፤ ውሻው ጮኸ። አይዞህ፣ ይዤሃለሁ» ስትዪው ግን ቃሉ ሙሉ ኃይሉን ያገኛል። ስሙ ይቅደም፣ አይዞህ ይከተል።

አማትሽን ለማሳመን አትከራከሪ። «አሁን እንዲህ ነው የሚባለው» ያልሻቸው ቀን ጉዳዩ የልጁ መሆኑ ይቀራል። ይልቅ ሥራ ስጫቸው፦ «እማዬ፣ እርስዎ ሲያባብሉት ቶሎ ይሰማል፤ ሲያለቅስ ‹ከፋህ የኔ ጌታ?› ይበሉልኝ።» አያቶች እኮ ይህን ቃል ከማንም በላይ ያውቁበታል፤ የቸገረው ወንድ ልጅ ላይ ሲደርሱ መቆጠባቸው ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የተባለ ልጅ መከፋቱን አያቆምም፤ ማልቀሱ ሲከለከል የሚቀረው መምታትና መንከስ ነው። ይህን የመጨረሻውን ለባለቤትሽ ንገሪውና ለእናቱ እሱ ይንገራቸው። ማሞላቀቅ የሚሉትም መልስ አለው፦ መኪናውን መወርወሩ ተከልክሏል፣ መንከሱ ተከልክሏል፤ መናደዱ ግን አልተከለከለም። ሁለቱን ለይታችሁ ከያዛችሁት ልጁ አይሞላቀቅም።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዢ፦ ቃሉ ሥራ ካልሠራለት ጥርሱ ይሠራለታል። «የኔ ነው» ባለ ቀን ማንም ዞር ብሎ ካላየው፣ በነከሰ ቀን ግን ቤቱ ሁሉ ከተሯሯጠ የሚመርጠው ግልጽ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዲት ቃል ብትወጣው፣ ብትጎድልም፣ በጩኸት ብትሆንም፣ እጅሽ ላይ ያለውን ጥለሽ መልሺለት። የሚፈልገውን ሁሉ ስጪው አላልንም። «ከፋኝ» ያለው ኬክ ስለተከለከለ ከሆነ ኬኩ እንደተከለከለ ይቆያል፤ «ከፋህ፣ ሰማሁህ፣ ና ልቀፍህ» ግን ወዲያው ይምጣለት።

ለውጡን በሳምንት አትጠብቂ። መጀመሪያ ይገባዋል፣ መናገሩ ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ቃሉ የሚመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፦ ማታ ለአባቱ «ውሻ፣ ፈራሁ» ይለዋል። ያ ትልቅ እርምጃ ነው፤ አባቱ ስልኩን አስቀምጦ ይስማው። ከዚያ በልቅሶው መሃል፣ በመጨረሻም ከንክሻው በፊት ይመጣል። በመሃል ቃሉን ያለ ቦታው የሚያበዛበት ጊዜ አለ፤ ደረጃ ላለመውጣት «ፈራሁ»፣ ላለመተኛት «አመመኝ» ይላል። አትቆጪው፤ ቃል እንደሚሠራ ገብቶታል ማለት ነው። «መተኛት አልፈልግም» የሚለውን ትክክለኛውን ስጪው።

ጭንቅላቱን ማጋጨቱ በንዴት ሰዓት ብቻ ከሆነ በዚህ ዕድሜ ያለ ነገር ነው። ሳትጮኺ መዳፍሽን ወይም ትራስ ከሥሩ አስገቢለት። ነገር ግን ሳይናደድም የሚያጋጭ ከሆነ፣ ራሱን የሚያቆስል ከሆነ፣ ልቅሶው በቀን ብዙ ጊዜ እየተነሣ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚዘልቅ ከሆነ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ ወይም የሚያውቃቸው ቃላት እየጠፉበት ከሆነ ሐኪም ይየው። ጆሮው የሚመግል ወይም ደጋግሞ የሚያመው ልጅም መስማቱ መመርመር አለበት፤ ያልሰማውን ቃል ማንም ሊያወጣው አይችልም። ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር ማጻፍ ትችያለሽ፤ ለእናንተ ቅርብ የሆነው ጥቁር አንበሳ ነው፣ የሕፃናትም ከአንገት በላይም ክፍል አለው።

ለዴይ ኬሩ ደግሞ በቃል ከምታስረጃቸው አጭር ወረቀት ስጫቸው። አንዲት ተንከባካቢ ብዙ ልጅ ስለምትይዝ ረጅም ከሆነ አታነበውም። ይህን ብቻ ጻፊ፦ «መጫወቻ ሲወሰድበት ይነክሳል። ሲጠጋ ትከሻውን ያዙልኝና ‹የኔ ነው› በሉለት። ሲያለቅስ ‹ምን ሆንክ?› አትበሉት፤ ‹ተናደድክ፣ መኪናህን ወሰደብህ› በሉት። ከምሳ በፊት ይርበዋል፤ ቢቻል አስቀድሙለት። ከነከሰ ሰዓቱንና ከዚያ በፊት የሆነውን ጻፉልኝ።» በወረቀቱ ጀርባ ለሰዓቱ መጻፊያ አምስት መስመር አስምሪበት፤ አርብ ማታ ተቀብለሽ ከደብተርሽ ጋር አስተያዪው።